የእትዬ ጉልበትና የሾፌሩ ጀርባ

ወሬው የተነሣው ከማተሚያ ቤቱ ፊት ለፊት ካለችው ካፌ ነው። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ "የእትዬ ሾፌር ከመኪና ሻጮቹ ኮሚሽን ቀመሰ" ይል ነበር። ምሳ ሰዓት ላይ ኮሚሽኑ ቦታ ገዛ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቦታው ላይ ቤት ቆመ። ካፌዋ ልትዘጋ ስትል ቤቱ ፎቅ አውጥቶ፣ ፎቁ በረንዳ አውጥቶ፣ በረንዳው ላይ አበባ ተተክሎ፣ አበባውን የምታጠጣ ሠራተኛ ተቀጥራ፣ ሠራተኛዋም "ደሞዜ አነሰ" ብላ አኩርፋ ነበር። ያለ ሲሚንቶና ያለ ፈቃድ በአንድ ቀን ቤት የሚሠራ ወሬ ብቻ ነው።

የወሬው ፍሬ ነገር እንዲህ ነው። የማተሚያ ቤቱ ባለቤት እትዬ አዲስ ኤስዩቪ ሊገዙ ሁለት አማረጡ። አንዷ ተራዋ ናት፤ አንዷ የእሷው እህት፣ ውዷና ቅምጥሏ። ምርጫውን ለሾፌራቸው ሰጡት። ሾፌሩ ከሻጮቹ ጋር ተሞዳሞደና ቅምጥሏን አስገዛቸው። አሁን እሳቸው ከኋላ ተቀምጠው ያቃስታሉ፣ እሱ ከፊት ተቀምጦ ያፏጫል። አለቀ።

ይህን ለማመን ግን ሰውየውን ጨርሶ አለማወቅ ያስፈልጋል። ሃያ ስድስት ዓመት መሪ ጨብጧል። ከካፌዋ ጎን ባለው የቆርቆሮ ጥላ ሥር አግዳሚ ላይ ተቀምጠው አለቆቻቸውን የሚጠብቁት ሾፌሮች "ጋሽ ዝግታ" ይሉታል። በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ የቀደመው አንድ የሬሳ መኪና ብቻ ነው፤ እሱም ጎማው ተንፍሶ ዳር ይዞ ቆሞ ስለነበር ነው፤ ሲያልፈውም መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ይቅርታ ጠይቋል ይባላል። ሐቀኝነቱም እንደ አነዳዱ ነው። አንድ ጊዜ እንግዳ የረሳውን ጃንጥላ ለመመለስ ሰውየውን ሦስት ሳምንት ፈለገው፤ በመጨረሻ ባለ ጃንጥላው "እባክህ ተወኝ፣ እኔ እኮ ሆን ብዬ ነው የረሳሁት" ብሎ ለመነው። ታዲያ ጃንጥላ ያላስተኛው ሰው ፎቅ ቤት ሠርቶ በምን አንጀቱ ይተኛል?

ያም ሆኖ ያፏጭ የነበረው እውነት ነው።

ጋሽ ዝግታ ጀርባ የለውም ማለት ይቻላል። ነበረው፤ አሮጌዋ መኪና በላችው። የአሮጌዋ የሾፌር ወንበር ስፖንጁ ካለቀ ዓመታት አልፈውታል፤ የቀረው ሽቦ ነበር፤ ሽቦውም ታጥፎ ከላዩ በተደረበ ሹራብ እየሾለከ ይወጋው ነበር። ከመኪና የሚወርደው በሦስት ክፍል ነው። መጀመሪያ እግሩ ይወርዳል፣ ቀጥሎ ማቃሰቱ፣ በመጨረሻ እሱ ራሱ። አንድም ቀን ግን "እትዬ፣ ወንበሩ" ብሎ አያውቅም። ሾፌር ስለ ጎማ፣ ስለ ፍሬን፣ ስለ ዘይት ይናገራል እንጂ ስለ መቀመጫው አይናገርም፤ ነውር ይመስለዋል።

እትዬ ከኋላ፣ ከሾፌሩ ጀርባ ነው የሚቀመጡት። ባልቴት ናቸው፣ ስድሳ ስምንት ዓመታቸው ነው፣ ቁመታቸው ከተደራረበ ወረቀት አይበልጥም፤ ድምፃቸው ግን ማተሚያ ማሽኑ እየሠራ ይሰማል። ማሽኑ ጸጥ ብሎ ያዳምጣቸዋል የሚሉም አሉ። ከዓመታት በፊት ከመጋዘኑ ደረጃ ወድቀው ቀኝ ጉልበታቸው አይታጠፍም። ስለዚህ ከኋላ ወንበር ላይ እግራቸውን ዘርግተው፣ ያልታተመውን ጽሑፍ ጭናቸው ላይ አድርገው፣ በቀይ እስክሪብቶ ስሕተት ያድናሉ። የኋላው ወንበር ቢሯቸው ነው። የፊተኛው፣ ከሾፌሩ ጎን ያለው፣ የቦርሳቸው ነው። ቦርሳው ሃያ ዓመት ሙሉ ከፊት ተቀምጦ መንገድ ሲያይ ኖሯል፤ መንጃ ፈቃድ ቢጠይቅ አይከለከልም።

አሮጌዋ አንድ ቀን መስቀለኛ መንገድ ላይ ሳል ጀመራት፣ አንዴ ተንፈስ አለችና በዚያው ቀረች። መካኒኩ ኮፈኑን ከፍቶ አየ፣ ኮፈኑን መልሶ ዘጋና "እግዜር ያጽናችሁ" አለ።

ሥራ አስኪያጁ፣ የእትዬ የወንድማቸው ልጅ፣ በማግስቱ ሁለት ወረቀት ይዞ መጣ። ጎበዝ ልጅ ነው፤ ክራባቱን ሳያስር አያስነጥስም።

"አክስቴ፣ ሁለቱም ከአንድ ፋብሪካ ነው የሚወጡት" አለ። "ሞተራቸው አንድ፣ ማርሻቸው አንድ፣ አጥንታቸው አንድ። የሚለያዩት በስም፣ በቆዳና በዋጋ ነው። አንዷ እናቷ ቤት ያደገች፣ ሌላዋ ሀብታም ዘመድ የወሰዳት ብለሽ አስቢያቸው። ተራዋ ትበቃናለች።"

እትዬ ወረቀቶቹን በቀይ እስክሪብቶ አንድ ሁለት ቦታ አረሙና መለሱለት።

"ወረቀት ላይ አይቀመጡም" አሉ። ከዚያ ወደ ሾፌራቸው ዞሩ። "ሂድ ተቀመጥባቸው። እኔ የመሸጫ ቤቱን ደረጃ ወጥቼ፣ አንዷን ገብቼ፣ ወጥቼ፣ ሌላዋን ገብቼ አልችለውም። ለዛሬ ጉልበቴ አንተ ነህ። ያንተ ምርጫ የኔ ምርጫ ነው።"

ስሕተቱ የተሠራው እዚህ ላይ ነው። ሾፌር "ተቀመጥ" ሲሉት የት ነው የሚቀመጠው?

በተራዋ ጥሩ ጀመረ። ሻጩ ሽቶውን ቀድሞ ልኮ ከኋላ ከኋላ እየተከተለ በሩን ከፈተለት፤ ጋሽ ዝግታ ግን የኋላውን በር ራሱ ከፍቶ ገባ። ሰፊ ነው። ወለሉ ሜዳ ነው። እግሩን ዘረጋ፣ ሌላ እግር ቢኖረው እሱንም ይዘረጋው ነበር። "ለእትዬ ይኼ ነው" አለ በልቡ። ፊት ሄዶ መሪውን ያዘ፣ አንድ ዙር ነዳት፤ ደህና ናት። ወንበሯ ወንበር ነው።

ከዚያ ወደ ቅምጥሏ ሄዱ። ሻጩ የሾፌሩን በር ከፍቶ "እንዲያው ለአንድ ደቂቃ" አለው። ጋሽ ዝግታ ተቀመጠ። ወንበሩ እንደ ትሑት አስተናጋጅ ወደ ኋላ ሸርተት ብሎ ቦታ ለቀቀለት፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ መሪው አስጠጋው። ሻጩ አንድ ቁልፍ ነካ። ከወንበሩ ሆድ ውስጥ እንደ ጡጫ ያሉ ኳሶች ተነሡና ከወገቡ ጀምረው ወደ ላይ ጀርባውን እያሹ ወጡ። ትከሻው ጋ ሲደርሱ ትንሽ ቆም አሉ፤ "እዚህ ጋ ነው አይደል?" የሚሉ መሰለው። ከዚያ ወረዱ።

ጋሽ ዝግታ ዓይኑ እንባ አቀረረ። በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ ጀርባውን "እንዴት አደርክ?" ያለው ይህ ወንበር የመጀመሪያው ነው።

ሻጩ "ይንዷት እንጂ" ቢለው "ትንሽ ቆይ" አለ። አንድ ደቂቃው አርባ ደቂቃ ሆነ። ሌላ ደንበኛ መጥቶ መኪናዋን ለማየት ተሰልፎ፣ ሰልፉ ሰልችቶት ብስክሌት ገዝቶ ሄደ ይባላል።

ሲወርድ፣ ለኅሊናው ያህል፣ የኋላውን በር ከፈተ። ወለሉ መካከል ላይ ጉብታ አለ። የፊተኛው ወንበር ያን ሁሉ ሞተርና ኳስ ስለተሸከመ ከኋላ በኩል እንደ ነፍሰ ጡር ሆዱ ገፍቷል። ገብቶ ተቀመጠ፤ ጉልበቱ የወንበሩን ጀርባ ነካ። "እሳቸው አጭር ናቸው" አለ ለራሱ። የማይታጠፍ እግር አጭርም ሆነ ረጅም እንደማይታጠፍ አልጠፋውም። ግን በሩን ዘጋው። ቀስ አድርጎ ነው የዘጋው፤ ለሌባ በሚመች ዓይነት ጥንቃቄ።

እትዬ ቢሯቸው ቆመው ጠበቁት።

"እህ? ተቀመጥክባቸው?"

"ተቀምጫለሁ እትዬ።"

"ለጀርባ የትኛዋ ትሻላለች?"

"ለጀርባ ከሆነ" አለ፣ "ቅምጥሏ መድኃኒት ናት።"

የማን ጀርባ ብለው አልጠየቁትም። እሱም አላብራራም። ሥራ አስኪያጁ አፉን ሊከፍት ሲል እትዬ እስክሪብቷቸውን አነሡ። "ይኼ ሰው ዋሽቶኝ አያውቅም። አለቀ።"

መኪናዋ መጣች። ጋሽ ዝግታ ጠዋት ጠዋት በሩን ሲከፍት ወንበሩ አውቆት ሸርተት ይላል፣ ይቀበለዋል፣ ያቅፈዋል፣ ያሸዋል። በሳምንቱ ከመኪና በአንድ ክፍል መውረድ ጀመረ። በወሩ ሲወርድ ዘለለ። አግዳሚው ላይ የተቀመጡት ሾፌሮች ሲዘል አይተው ሻያቸው ትን አላቸው። ወሬው የተጸነሰው ያን ዕለት ሳይሆን አይቀርም፤ የዘለለ ሰው በልቷል ማለት ነውና።

መኪናዋ በመጣች በሦስተኛው ቀን ግን ከኋላ ድምፅ መጥቶ ነበር።

"አንተ፣ ይኼ ምንድነው ጉልበቴን የሚነካካኝ?"

ጋሽ ዝግታ ወዲያው ገባው። ኳሶቹ እሱን በፊት በኩል ሲያሹ፣ በኋላ በኩል ደግሞ የእትዬን ጉልበት ይጎስሙ ነበር። ወደ ላይ ሲወጡ አንዴ፣ ሲወርዱ አንዴ። ኳሶቹ በመጡ ቁጥር እትዬ ብድግ ሲሉ በስፖኪዮው አያቸው። አንድ ቃል ብቻ ይበቃ ነበር። ጣቱን ወደ ቁልፉ ዘርግቶ አጠፋው፤ አፉ ግን ሌላ ተናገረ።

"መንገዱ ነው እትዬ።"

"መንገዱ?"

"ውስጥ ውስጡን ተበላሽቷል።"

ለአራት ቀን አላበራውም። በአምስተኛው ቀን ጀርባው እንደ ጡት ያስጣሉት ሕፃን አለቀሰ፣ ጣቱም ራሷን ችላ ሄዳ ቁልፉን ነካች። ከዚያ በኋላ ስምምነት ላይ ደረሰ፤ እትዬ ሲያነቡ ያጠፋዋል፣ እንቅልፍ ሸለብ ሲያደርጋቸው ያበራዋል። የተኛ ሴት ጉልበት ማስጎሰም ከነቃች ሴት ይሻላል ብሎ ራሱን አሳመነ። ኅሊና የሚባለው ነገር ከሾፌር ጋር ሲኖር ድርድር ይማራል።

እትዬ ግን "መንገዱ ነው" የተባሉትን ነገር የሚተዉ ሴት አልነበሩም። ማተሚያ ቤት አላቸው! አቤቱታ ጻፉ፤ በወፍራም ወረቀት፣ በወርቅማ ጠርዝ፣ በሦስት ዓይነት ፊደል አሳተሙት። የመንደሩ ሰው ፈረመበት። መኪና የሌለው ፈረመ፣ ከቤት ወጥቶ የማያውቅ ፈረመ፣ አንድ ሰው ጽሑፉ ስላማረው ሁለት ጊዜ ፈረመ። የመንገድ ሥራ ቢሮው ሁለት መሐንዲሶች ላከ። ብርጭቆ ሙሉ ውኃ መኪናቸው ላይ አስቀምጠው ሦስት ጊዜ ተመላለሱ፤ አንድ ጠብታ አልፈሰሰም።

"እናታችን፣ መንገዱ መስታወት ነው" አሏቸው።

"እናንተ ብርጭቆ አላችሁ፣ እኔ ጉልበት አለኝ" አሉ እትዬ። "ውኃ ይዋሻል፣ ጉልበት አይዋሽም። ደግሞ ሃያ ስድስት ዓመት የነዳ ሰው ነው የነገረኝ። ና እስቲ ንገራቸው።"

ጋሽ ዝግታ ጫማውን እያየ "ውስጥ ውስጡን ነው" አለ። መሐንዲሶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ቢሮው ከእትዬ ጋር ከመከራከር አስፋልት ማንጠፍ ይቀላል ብሎ፣ ባልተበላሸው አስፋልት ላይ ሌላ አስፋልት አነጠፈበት። ለአሥር ቀን የመንገዱ ባለ ሱቆች አቧራ ቃሙ፣ ተማሪዎች በሌላ ሰፈር ዞረው ሄዱ፣ ግንበኛው፣ ዳቦ ቤቱ፣ ፀጉር ቤቱ ሁሉም ሳሉ። ጋሽ ዝግታ በዚያ ሁሉ ሳል መካከል ሲያልፍ እያንዳንዱ ሳል በስሙ የሚጠራው መሰለው። ይኼ ሁሉ ሕዝብ የሚያስለው ለእሱ ጀርባ ነው!

ቤት ውስጥም አልተመቸው። ባለቤቱ ላውንደሪ ቤት ካውያ የምትይዝ ናት፤ መዳፏ የወንድ ኮት ያቃናል። ሃያ ዓመት ሙሉ ከሥራ ሲመለስ በሆዱ አስተኝታ እንደ ሸሚዝ ትተኩሰው ነበር። አሁን ሦስት ወር ሙሉ "እስቲ ጀርባዬን" አላላትም።

"አንተዬ" አለችው አንድ እሑድ ከሰዓት፣ ልብስ እያጠፈች። "ጀርባህን የት ጣልከው?"

"ተሻለኝ።"

"በምን?"

"እንዲሁ።"

"እንዲሁ የሚሻለው ጉንፋን ነው። ማናት?"

"ማን ማናት?"

"የምታሽህ!"

ማለ፣ ተገዘተ፣ በመጨረሻ ጨነቀውና "ወንበር ነው" አላት። ነገራት፤ ከመሸጫ ቤቱ ጀምሮ፣ ከጉልበቱ እስከ አስፋልቱ። መጀመሪያ ሳቀች። እስኪያማት ሳቀች፤ ያጠፈችው አንሶላ ላይ ወደቀች። ከዚያ ድንገት ሳቋን አቆመች።

"እና እሳቸውስ? አሮጊቷን ማን ያያቸዋል?"

የአንሶላውን ጫፍ አንሥቶ አቀበላት።

"ምነው ሌላ ሴት በሆነች" አለች አንሶላውን እንደገና እያጠፈች። "ሄጄ ጠጉሯን ነጭቼ እገላገል ነበር። ወንበር ምን አደርገዋለሁ? ጥፋቱ ያንተ ብቻ ሆነ እኮ።"

በዚህ መካከል ነው ወሬው የፈነዳው። የሚገርመው የወሬው ክፋት አይደለም፤ የወሬው ክብር ነው። አግዳሚው ላይ ሲደርስ ሾፌሮቹ ተነሡለት። የባንኩ ሾፌር በራሱ ሒሳብ ማኪያቶ አዘዘለት፤ ይህ ሰው ለራሱ እንኳ ውኃ የሚያዝዘው የተከፈተ ቧንቧ ሲያይ ነው።

"ጋሽ ዝግታ" አለው ጎኑ ተጠግቶ፣ "አንተ እኮ አዝግመህ አዝግመህ ሁላችንንም ቀደምከን! እስቲ ለኛም አስተምረን፤ እንዴት አድርገህ ነው ኮሚሽኑን የተቀበልካቸው? በፖስታ ነው በካርቶን?"

"ኧረ ተዉኝ።"

"አያችሁ! አይናገርም። የበላ ሰው እንዲህ ነው፣ አፉን ጠርጎ ዝም" አለ የአምቡላንሱ ሾፌር በአድናቆት። "ፎቁ ስንት ክፍል ነው?"

ጋሽ ዝግታ "ምንም አልበላሁም" ሊል አፉን ከፈተ። ግን "ታዲያ ለምን ቅምጥሏን መረጥክ?" ቢሉትስ? ለወንበር ብዬ ሊል ነው? ሌባ ተብሎ ማኪያቶ መጠጣት፣ እውነቱን ተናግሮ መሳቂያ ከመሆን ተሻለው። ማኪያቶውን ጠጣ። ስኳር ሦስት ማንኪያ ነበረው፤ እሱን ግን መረረው።

አዲሱ አስፋልት በተመረቀ ማግስት እትዬ ደስ ብሏቸው ገቡ። የትምህርት ቤት መጽሐፍ ረቂቅ ጭናቸው ላይ ነበር። መንገዱ እንደ ቅቤ ነው። ጋሽ ዝግታ መሪውን ይዞ ለስላሳነቱን ሲያይ ልቡ ተሰበረ፤ ይህ ሁሉ ለስላሳ መንገድ በውሸት የተሠራ ነው። ልቡ ሲሰበር ጀርባውን ረሳ፤ ወንበሩ ግን አልረሳውም። የወንበሩን ማሻ ማታ ሳያጠፋው ነበር የወረደው። መንገዱ አጋማሽ ላይ ኳሶቹ በራሳቸው ተነሡ።

ቀዩ እስክሪብቶ ከገጹ ጫፍ እስከ ጫፍ መስመር ጣለ።

ጋሽ ዝግታ ጩኸት ጠበቀ። ጩኸት አልመጣም። በስፖኪዮው ሲያይ እትዬ ረቂቁን አጥፈው ጉልበታቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ነበር።

"መንገዱ አይደለም ለካ" አሉ፤ ድምፃቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ከማሽኑ አነሰ። "የኔው ጉልበት ነው ያለቀለት። ሰውን ሁሉ በከንቱ አቧራ አስቃምኩት።" ቀዩን እስክሪብቶ ከደኑት። "በቃኝ። ከሰኞ ጀምሮ ቤቴ እቀመጣለሁ። ሥራውን የወንድሜ ልጅ ይያዘው። ሰው ልኩን ማወቅ አለበት።"

ጣቱ ማሻውን አጠፋው፤ እሱ ግን መንዳቱን ቀጠለ። ማተሚያ ቤቱን ከባለቤታቸው ጋር በአንዲት ማሽን ጀምረው፣ ብቻቸውን ቀርተው፣ አርባ ሰው የሚያሠሩበት ያደረሱት እሳቸው ናቸው። ቀይ እስክሪብቷቸውን የሚያስጥላቸው ሞት ብቻ ነው ይባል ነበር። ሞት ሳይመጣ ወንበር መጣ።

ግቢው ውስጥ ሥራ አስኪያጁ ቆሞ ጠበቃቸው። ክራባቱ ጠብቆ ታስሯል፤ ወሬው ደርሶታል።

"አክስቴ፣ ከመግባትሽ በፊት አንድ ነገር ይጣራልኝ" አለና ወደ ሾፌሩ ዞረ። አክብሮቱ የቀዘቀዘ ነበር። "ጋሼ፣ እርስዎ ከመኪና ሻጮቹ ምን ተቀበሉ? ከተማው ሁሉ እያወራ ነው። ቤት ሠርተዋል ይባላል።"

ጋሽ ዝግታ ከመመለሱ በፊት የእትዬ ድምፅ ግቢውን ሞላው። በሁሉም መስኮት ጭንቅላት ብቅ አለ።

"ምን አልክ አንተ? ይኼን ሰው? ይኼ ሰው ጃንጥላ ሦስት ሳምንት ተሸክሞ የዞረ ሰው ነው! ከማንም ምንም አይቀበልም! እጄን እሳት ውስጥ እከታለሁ!" በምርኩዛቸው መሬቱን መቱ። "ሁለት ነገር ነው በዚህ ዓለም የማምነው፤ ያረምኩትን ገጽና ይኼን ሰው። በል ይቅርታ ጠይቀው!"

ሥራ አስኪያጁ ክራባቱን ላላ አደረገና "ይቅርታ ጋሼ" አለ።

እንዲህ ጸድቶ ያውቅ እንደሆን እንጃ። የተከሰሰበትን አልሠራም፣ ምስክሩ ታላቅ ነው፣ ይቅርታም ተጠይቋል። አንገቱን ደፍቶ "ምንም አይደል" ቢል ነገሩ በዚያው ይቀበር ነበር። ሰኞ እትዬ ቤታቸው ይቀመጣሉ፣ የኋላው ወንበር ባዶ ይሆናል፣ እሱ ማሻውን ቀኑን ሙሉ ያበራዋል።

"እትዬ" አለ።

"ምን?"

"ጉልበትዎ ደህና ነው።"

"ሐኪም ሆንክ ደግሞ?"

"ወንበሩ ነው። የኔ ወንበር ነው የሚጎስምዎ። ጀርባ ያሻል። እኔን ሲያሸኝ እርስዎን ይመታዎታል። ከመጀመሪያው ቀን አውቀዋለሁ። መንገዱ ምንም አልነበረውም።" ከጀመረ አይቀር ብሎ ጨረሰው። "ተራዋ ለእርስዎ ትሻል ነበር። ከኋላዋ ተቀምጬ አይቻታለሁ፤ እግርዎን እንደልብዎ ይዘረጉ ነበር። ቅምጥሏን የመረጥኩት ለጀርባዬ ነው።"

በመስኮት የወጡት ጭንቅላቶች አልተመለሱም። ማሽኖቹ ጸጥ አሉ። እትዬ በምርኩዛቸው የኋላውን በር አመለከቱ።

"ግባ።"

ገባ። በሌላው በር እሳቸው ገቡ። ሥራ አስኪያጁን "አንተ በሾፌሩ ወንበር ተቀመጥና ያን ነገር አብራው" አሉት። አበራው። ጋሽ ዝግታ ረጅም ሰው ነው፤ ጉልበቱ አገጩ ጋ ደርሶ እንደታጠፈ ሜትር ተቀምጦ፣ ኳሶቹ አንድ በአንድ መጡበት። አንዴ ሲወጡ፣ አንዴ ሲወርዱ። እትዬ ከጎኑ ሰዓታቸውን ያዩ ነበር። ሩብ ሰዓት እንደዚያ ተቀመጡ። የፊተኛው ወንበር ላይ ሥራ አስኪያጁ ሳያስበው "ወይኔ፣ ይኼማ ጥሩ ነው" ብሎ ወዲያው አፉን ያዘ።

"ሦስት ወር" አሉ እትዬ በመጨረሻ። "እኔ ሦስት ወር እንዲህ ነኝ።"

"አዎ እትዬ።"

"ጀርባህ ታሞ ለምን አልነገርከኝም?"

"እንዴት ብዬ ስለ መቀመጫዬ..."

"ዝም በል! ቀድሞ ብትነግረኝ ለአሮጌዋ ወንበር አሠራልህ ነበር። አንተ ግን ጉልበቴን ሸጥክብኝ። ያውም ዝም ብለህ ብቻ አይደለም፣ መሐንዲስ ፊት መሰከርክ።" ወርደው ሄደው የፊተኛውን በር ከፈቱ፣ ቦርሳቸውን አንሥተው ለወንድማቸው ልጅ አስታቀፉትና ቦታው ላይ ተቀመጡ። "ይኼም ያሻል? አብራው።" በራ። ፊታቸው ቀስ እያለ ተጨማደደ። "ይኼ ነው? ለዚህ ነው?" አሉና አጠፉት። "ይኮረኩራል።"

ከዚያ እንደገና ዞረው አዩት፤ እሱ አሁንም ከኋላ ታጥፎ ነበር።

"አላባርርህም። መባረር ይቀልሃል። ሰኞም ሥራ እገባለሁ፤ ከዚህ፣ ከፊት ተቀምጬ፣ ጎንህ ሆኜ ነው የማርመው፤ እንግዲህ በየቀኑ እያየኸኝ ንዳ። ግን እጄን እሳት ውስጥ እከታለሁ ብዬልሃለሁ። ስምህን እየዞርኩ የማጸዳልህ እኔ አይደለሁም። ሂድና ያልወሰድከውን አልወሰድኩም በል። የወሰድከውንም ንገራቸው።"

ከግቢው እስከ ቆርቆሮው ጥላ ስልሳ እርምጃ ነው። ጋሽ ዝግታ እንደ ስሙ ሄደ። ሾፌሮቹ ሲያዩት ተነሡ። የባንኩ ሾፌር ወደ ካፌዋ ዞሮ "ማኪያቶ ለባለ ፎቁ!" ብሎ ጮኸ።

"አልፈልግም" አለ ጋሽ ዝግታ። "ተቀመጡ።"

ተቀመጡ። እሱ ቆመ። ጀርባው አመመው፤ ይገባዋል ብሎ ቀና አለ።

"ከሻጮቹ ኮሚሽን አልበላሁም። በፖስታም በካርቶንም አልበላሁም። ቦታ የለኝም፣ ቤት አልሠራሁም፣ ፎቅ የለኝም፣ በረንዳ የለኝም። ሻጩ የሰጠኝ ነገር ቢኖር ልብሴ ላይ የቀረው ሽቶው ነው። ከማንም ጋር አልተሞዳሞድኩም።"

"ኧረ ጋሽ ዝግታ፣ እኛ እኮ የራስህ ሰዎች ነን" አለ የአምቡላንሱ ሾፌር እየሳቀ። "ታዲያ ለምን ቅምጥሏን አስመረጥካቸው?"

"ወንበሯ ጀርባ ያሻል።"

አንዱ ሳቅ ሊያመልጠው ሲል በእጁ አፈነው።

"የሴትዮዋን ጉልበት ሲመታ እያወቅኩ ጀርባዬን አሳሸሁበት። ሲጠይቁኝ መንገዱ ነው አልኩ። የበላሁት ይኼ ነው፣ ሌላ የለም።"

የባንኩ ሾፌር የመጣውን ማኪያቶ አይቶ፣ እሱን አይቶ፣ ማኪያቶውን ወደ ራሱ ሳበ። "እንዲህ ቢሆን እንኳ" አለ፣ "ትንሽ ነገርማ ሳይሰጡህ አይቀሩም። እሳት በሌለበት ጭስ..."

"ጭሱም ውሸት ነው" አለ ጋሽ ዝግታ። "ያወራችሁት በሙሉ፣ ከመሠረቱ እስከ በረንዳው፣ ውሸት ነው።"